ከአርባ ምንጭ የውኃ ተቋም ወደ ምክር ቤት፦ የኃይለማርያም ደሳለኝ የሕይወትና የሥራ ጉዞ

ኃይለማርያም ደሳለኝ በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህርና ዲን የነበሩ፣ በወጣትነታቸው ወደ ደቡብ ክልል ምክር ቤት ገብተው የክልሉ ፕሬዚዳንት የሆኑ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣን የለቀቁ ሰው ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታወሱት የመጨረሻዎቹ የሥልጣን ዓመታት ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ረጅሙን ጊዜ ያሳለፉት ግን በአርባ ምንጭ ነው። በማስተማርና በትምህርት አመራር የቆዩበት 13 ዓመት ገደማ፣ በክልል ፕሬዚዳንትነት ካሳለፉት አራት ዓመት ከጥቂት ወራትም ሆነ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ካሳለፉት አምስት ዓመት ከመንፈቅ ይበልጣል።

የተወለዱት ሐምሌ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በወላይታ፣ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ሆምባ በሚባል አካባቢ ነው። ወላይታ በዚያ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ሲሆን፣ ጎረቤቱ ጋሞ ደግሞ ራሱን በቻለው የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር። ቦሎሶ ሶሬ እንሰትና ስኳር ድንች የሚበቅልበት፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ እጅግ ጠባብ የሆነበት አገር ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በወላይታ ሥር ሰዶ የኖረውን ጭሰኝነት ሲሽር ደግሞ አሥር ዓመት አልሞላቸውም። ትምህርታቸውን የተከታተሉት አስተዳደሩም፣ የመሬት ይዞታውም፣ የትምህርት ቤቱ መዝሙር ሳይቀር በተለወጠበት ዘመን ነው። ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና አጥንተው በ1980 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት በረዳት መምህርነት ወደ አርባ ምንጭ ሄዱ። አርባ ምንጭ በዕድሜ ወጣት ከተማ ናት። የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ በደጋው በጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን ከተራራው ወርዶ ከስምጥ ሸለቆው ዳር እንዲሆን ተወሰነ። አዲሲቱ ከተማ ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ስሟን ወሰደች። ሲቀላ የሚባለው ክፍሏ በሜዳው ላይ ሲዘረጋ፣ ሴቻ የሚባለው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ተቆረቆረ። ከሴቻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው በአገሪቱ ካሉት ሐይቆች በስፋት ከጣና ቀጥሎ የሚጠራው አባያ በግራ፣ ጫሞ በቀኝ ይታያል፤ ሁለቱን የሚለያቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጠባብ የመሬት ሸንተረር ነው። ከጀርባ የጉጌ ተራራ ሰንሰለት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ይህ መልክዐ ምድር ለውኃ ምህንድስና ትምህርት ክፍት ቤተ ሙከራ ነው። ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች በአጭር ርቀት ውስጥ ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባሉ። ኩልፎ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ሐሬ የሙዝ ማሳዎችን ያጠጣል። ደጋው ሲታረስና ሲራቆት አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ሆኖ የሚታየው በዚሁ ደለል የተነሣ ነው። ቆላው መስኖ ይፈልጋል፤ ረግረጉ ወባ ያራባል፤ በየዓመቱ የሚያድገው ከተማ ደግሞ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ይሻል። አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ስለ ግድብ፣ ስለ ደለል፣ ስለ ቦይና ስለ ምንጭ ጥበቃ የተማረውን ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሄዶ ሊያየው ይችላል።

የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም በመስከረም 1979 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚህ ቦታ ነው። አገሪቱ ከ1977ቱ ድርቅና ረኃብ ገና አላገገመችም ነበር። ወንዞቿ ብዙ ሆነው ሳለ የውኃ መሐንዲሶቿ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ተቋሙም በመስኖ፣ በሃይድሮሊክስ፣ በውኃ አቅርቦትና በንጽህና አጠባበቅ ባለሙያ እንዲያፈራ ታቀደ። አቶ ኃይለማርያም የደረሱት ተቋሙ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ገደማ ስለሆነ፣ ሥራው ማስተማር ብቻ አልነበረም። የትምህርት ክፍሎችን ማደራጀት፣ ቤተ ሙከራዎችን መሙላት፣ ከዋና ከተማው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀ ስፍራ መምህራንን ማቆየትም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር።

ሁለት ዓመት ካስተማሩ በኋላ የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ታምፔሬ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። ፊንላንድ በእነዚያ ዓመታት ለአፍሪካ የውኃ ባለሙያዎች ሥልጠና ድጋፍ ታደርግ ነበር። አቶ ኃይለማርያም የሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በሳኒቴሽን ምህንድስና ነው። ይህ ሙያ የሚመለከተው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ፣ የተጠቀመበትም ውኃና ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በሽታ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገዱን የሚዘጋ ሥራ ነው። በዚያው ሰሞን በአገር ቤት ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ፤ አገሪቱን የተረከበው የኢሕአዴግ ግንባር የሽግግር ዘመንም ጀመረ።

ከፊንላንድ ሲመለሱ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሱ። በተለያየ የኃላፊነት ደረጃ ካገለገሉ በኋላ የተቋሙ ዲን ሆኑ። የዲንነት ሥራ በጀት ማስፈቀድን፣ መምህራንን ማስታረቅን፣ የተማሪዎችን ጥያቄ መስማትን፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር መደራደርን ይጠይቃል። አገር በአዲስ መልክ እየተደራጀች ባለችበት ጊዜ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም መምራት ከአስተዳደርና ከፖለቲካ የራቀ ሥራ ሊሆን አይችልም ነበር። ተቋሙ በኋላ አድጎ በሰኔ 1996 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

አቶ ኃይለማርያም ወደ ፖለቲካ የገቡበትን ሁኔታ ለመረዳት አካባቢው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን አደረጃጀት ማየት ያስፈልጋል። በሽግግሩ ዘመን በደቡብ ከ7 እስከ 11 ቁጥር የተሰጣቸው አምስት ክልሎች ተዋህደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ መቀመጫውም አዋሳ ሆነ። በክልሉ ውስጥ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ኮንታና ሌሎችም ሕዝቦች ሰሜን ኦሞ በሚባል አንድ ዞን ተጠቃለሉ። የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ስለነበረች፣ ከቦሎሶ ሶሬ የመጣ ሰው በአርባ ምንጭ ሲሠራ በራሱ ዞን መዲና እንደሚኖር ይቆጠር ነበር።

ይህ አንድነት ብዙ አልቆየም። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች የተውጣጣ «ወጋጎዳ» የሚባል የጋራ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ መጻሕፍቱ በ1991 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቶች ሲከፋፈሉ በወላይታ ዋና ከተማ በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሰዎች ታሰሩ። አራቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም፣ ሕዝቡ ልጆቹ የሚማሩበትን ቋንቋ ሌላ ሰው ቀላቅሎ እንዲሰጠው አልፈቀደም። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ የወላይታ፣ የጋሞ ጎፋና የዳውሮ ዞኖች እንዲሁም የባስኬቶና የኮንታ ልዩ ወረዳዎች ተቋቋሙ። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ዞን መዲና ሆና ቀረች፤ ሶዶም የራሷን ዞን አገኘች።

በዚህ ጊዜ ደቡብን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት በኋላ ደኢሕዴን ተብሎ የተሰየመው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተማረ የሰው ኃይል አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ በክልሉ ከነበሩት የወረዳ፣ የዞንና የክልል ሹማምንት ብዙዎቹ ከመምህርነት የመጡ ናቸው። አቶ ኃይለማርያምም ድርጅቱን ተቀላቅለው ወደ ክልሉ አመራር ገቡ፤ የክልሉም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዕድሜያቸው ገና በ30ዎቹ አጋማሽ ነበር።

የክልል ምክር ቤት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። አባላቱ በየአምስት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጣሉ። ምክር ቤቱ ሕግ ያወጣል፤ የክልሉን በጀት ያጸድቃል፤ የክልሉን ዳኞች ይሾማል። የክልሉ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን ከምክር ቤቱ አባላት መካከል በምክር ቤቱ ነው፤ አብላጫ መቀመጫ የያዘው ድርጅት እጩውን ያቀርባል። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት የአስፈጻሚነት በር የሚከፈተው በሕግ አውጪው ቤት በኩል ነው። በተግባር ደግሞ የምክር ቤቱን ውሳኔ በቅድሚያ የሚቀርጸው የገዥው ድርጅት ማዕከላዊ ኮሚቴ ነበር። የአቶ ኃይለማርያም እርምጃም በሁለቱም በኩል አልፏል፤ በድርጅቱ ተመርጠዋል፣ በምክር ቤቱ ጸድቀዋል።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. የሕወሓት አመራር ለሁለት ተሰነጠቀ። የመከፋፈሉ ማዕበል ወደ ሌሎቹ የኢሕአዴግ ድርጅቶች ተዛመተ። የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አባተ ኪሾ ከሥልጣን ተነሡ፤ ኋላም በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ኅዳር 3 ቀን 1994 ዓ.ም. ኃይለማርያም ደሳለኝ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሆኑ። 36 ዓመታቸው ነበር። ክልሉ ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት፣ ከሲዳማ ቡና ማሳ እስከ ኦሞ ሸለቆ የከብት አርቢዎች መንደር የተዘረጋ፣ በአገሪቱ እጅግ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ነበር።

በዚያው ወቅት የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 35/1994 ወጣ። ከለውጦቹ ዋነኛው የብሔረሰቦች ምክር ቤት መቋቋሙ ነው። መደበኛው ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ሕዝቦች ድምፃቸው ሊዋጥ ይችላል። አዲሱ ምክር ቤት ግን እያንዳንዱ ብሔረሰብ የሚወከልበት ሆኖ የክልሉን ሕገ መንግሥት የመተርጎምና በብሔረሰቦች መካከል የሚነሡ የወሰንና የማንነት ጥያቄዎችን የመመልከት ሥልጣን ተሰጠው። ከወጋጎዳ በኋላ ለነበረች ደቡብ ይህ ትልቅ ትርጉም ያለው ውሳኔ ነበር። የዚህ ዓይነት ምክር ቤት ያቋቋመ ሌላ ክልል በጊዜው አልነበረም።

ሁለተኛው ለውጥ ሥልጣንን ወደ ወረዳ ማውረድ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በጀት በክልልና በዞን ተደልድሎ ይወርድ ነበር። በአዲሱ አሠራር ክልሉ የሕዝብ ብዛትንና የልማት ደረጃን ባገናዘበ ቀመር ገንዘቡን ያከፋፍላል፤ ለመምህር ደመወዝ፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለገጠር መንገድ ምን ያህል እንደሚውል የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በወረዳ ደረጃ የተማረ ባለሙያ እጥረት ስለነበረ ጅምሩ አስቸጋሪ ሆነ፤ ብዙ የዞን ሠራተኞችም ወደ ወረዳ ተዛወሩ።

የአዲሱ ፕሬዚዳንት የመጀመሪያ ዓመት ደም የፈሰሰበት ዓመትም ነው። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ አካባቢ በአስተዳደር ጥያቄ የተነሣ ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሳን ከተማ አስተዳደራዊ አቋም ለመለወጥ የታሰበውን ዕቅድ ለመቃወም የወጡ የሲዳማ ሰልፈኞች በከተማዋ ዳርቻ በሎቄ በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ተገደሉ። ሰልፈኞቹ የሰላም ምልክት የሆነውን ለምለም ቅጠል ይዘው ነበር። ዕቅዱ በጊዜው ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ፤ የሎቄ መታሰቢያ ግን በሲዳማ ልብ ውስጥ ኖረ፤ በኋላ ለተነሣው የክልልነት ጥያቄም አንዱ ማጣቀሻ ሆነ። የአቶ ኃይለማርያም የክልል አመራር ታሪክ ሲጻፍ ይህ ቀን ሊታለፍ አይችልም።

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወላይታንና ሲዳማን ጨምሮ የደቡብን ጠባብ ማሳዎች መታ፤ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በብዛት ታዩ። በዚያን ጊዜ የክልሉ ጤና ቢሮ በሽታን በመከላከል ላይ ያተኮረ ሰፊ እንቅስቃሴ ጀመረ። ዋናው መሣሪያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ጉልበትና በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍር ማድረግ ነበር። የመንግሥት ድጎማ አልነበረም፤ የቀበሌ ሊቀ መናብርት፣ የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ፤ ሞዴል የሆኑ ቤቶች ለጎረቤት ማሳያ ተደረጉ። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት የነበረው ቤተሰብ ከ13 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 78 በመቶ ደረሰ። ሥራው የጤና ቢሮውና የመንደር ሰዎች ነው፤ በክልሉ ራስ ላይ የሳኒቴሽን መሐንዲስ በነበረበት ጊዜ መከናወኑ ግን ከመሪው ሙያ ጋር የሚስማማ ነው። በኋላ የአገር አቀፉ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከደቡብ ልምድ ብዙ ወስዷል።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ፣ በመጋቢት 1998 ዓ.ም. የክልሉን ፕሬዚዳንትነት ለሽፈራው ሽጉጤ አስረክበው ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። በመጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የማኅበራዊ ጉዳዮች አማካሪ ሆኑ፤ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሚኒስትር ማዕረግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ዋና ተጠሪነትን ያዙ። ተጠሪው የገዥውን ድርጅት አባላት በድምፅ አሰጣጥ አንድ አድርጎ የሚይዝ፣ መንግሥት የሚያቀርባቸው ረቂቆች በጊዜያቸው ወደ ቋሚ ኮሚቴና ወደ ጉባኤ እንዲደርሱ የሚያስተባብር ነው። ሥራው ከመድረክ ይልቅ በመድረክ ጀርባ ይሠራል። በኋላ ለመጣው ኃላፊነት ግን የምክር ቤቱን አሠራርና የአባላቱን ጠባይ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን አገኙ። የድርጅቱ ነባር አመራሮች በተከታታይ ቦታቸውን ለአዲሱ ትውልድ እንዲለቁ በተወሰነው መሠረት፣ የደኢሕዴን ሊቀመንበር የነበሩት አቶ ኃይለማርያም የኢሕአዴግ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ በተዋቀረው ካቢኔ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ተደርገው ተሾሙ፤ በውጭ ጉዳይ የተኩት ቦታውን 20 ዓመት ገደማ ይዘው የቆዩትን ሥዩም መስፍንን ነው።

ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. መለስ ዜናዊ አረፉ። ምክትሉ በተጠባባቂነት ቦታውን ያዙ። መስከረም 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበር አድርጎ መረጣቸው፤ መስከረም 11 ቀን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የ47 ዓመት ሰው ነበሩ። ከደቡብ ሕዝቦች መካከል ወጥተው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ የመጀመሪያው ናቸው፤ በእምነታቸውም የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በመሆናቸው አገሪቱን ከመሩት ከቀደሙት ሁሉ ይለያሉ። ከጥር 2005 እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ተራ ሊቀመንበር ነበሩ፤ የቀዳሚው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ 50ኛ ዓመት በአዲስ አበባ የተከበረውም በዚያው ዓመት ነው።

በአርባ ምንጭ የተጀመረው የውኃ ሙያ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመናቸው በአገር ደረጃ ተመልሶ መጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ ጉልህ ክፍል የተካሄደው በእሳቸው ጊዜ ነው። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የዓባይ ወንዝ አቅጣጫ እንዲቀየር ተደረገ። ከግብፅ በኩል የተነሣው ተቃውሞ በጋለበት ሰሞን፣ ሰኔ 6 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን አጸደቀ። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም ከግብፁ ፕሬዚዳንት አብዱልፈታሕ አል ሲሲና ከሱዳኑ ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር ጋር ስለ ግድቡ የተዘጋጀውን የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጊቤ ሦስት ግድብ መረቁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መሥመርም በዚሁ ዘመን ሥራ ጀመሩ።

የኢኮኖሚው ዕድገት የፖለቲካውን ጥያቄ አልመለሰም። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ፤ ተቃዋሚ ድምፅ የሌለበት ምክር ቤት ቅሬታ የሚተነፍስበት መድረክ ሊሆን አልቻለም። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት የኤል ኒኞ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለእርዳታ ዳረገ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን በመቃወም በኦሮሚያ ተስፋፋ፤ ዕቅዱ ቢሰረዝም ተቃውሞው አልበረደም። በ2008 ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ተቀላቀሉ፤ በደቡብም ኮንሶ የአስተዳደር ጥያቄ አነሣ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከሳምንት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወርም ቆየ። በእነዚህ ዓመታት የጸጥታ ኃይሎች በተቃዋሚዎች ላይ በወሰዱት እርምጃ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነው። የታሰሩት በአሥር ሺዎች ናቸው። ይህ ሁሉ የሆነው እሳቸው የመንግሥቱ ራስ በነበሩበት ዘመን ነው።

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ረጅም ስብሰባ ተቀመጠ። በስብሰባው ማግሥት የአራቱ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች መሪዎች የፖለቲካ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት እንደሚዘጋ አስታወቁ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከኢሕአዴግ ሊቀመንበርነት ለመልቀቅ ጥያቄ ማቅረባቸውን በቴሌቪዥን ገለጹ። ምክንያታቸው መልቀቃቸው ዘላቂ ሰላምና ዴሞክራሲ ለሚያመጣው ለውጥ የመፍትሔው አካል እንዲሆን መፈለጋቸው ነበር። ከእሳቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ በወታደሮች ወርደዋል፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም ሸሽተዋል፤ መለስ ዜናዊ በሥልጣን ላይ ሳሉ ሞተዋል። በዘመናዊ የኢትዮጵያ ታሪክ የአገር መሪ በሕይወት ሳለ፣ በፈቃዱ፣ ቦታውን ለተተኪ ሲያስረክብ ይህ የመጀመሪያው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ከዚያ በኋላ በአደባባይ አገልግሎት ቀጠሉ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በዚምባብዌ ምርጫ የአፍሪካ ኅብረትን የታዛቢዎች ቡድን መሩ። በአፍሪካ የአነስተኛ አርሶ አደሮችን ምርታማነት ለማሳደግ የሚሠራው አግራ የተባለው ድርጅት የቦርድ ሊቀመንበር ሆኑ። የሦስት ሴት ልጆቻቸው እናት ከሆኑት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሮማን ተስፋዬ ጋርም በሁለቱ ስም የሚጠራ ፋውንዴሽን አቋቋሙ።

በወጣትነታቸው የመሩት ክልል ግን አሁን የለም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። የጋሞ ጎፋ ዞንም በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ጋሞና ወላይታን ጨምሮ በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በወላይታ ድምፅ አሰጣጡ በሰኔ ተደገመ። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት መሥራች ጉባኤውን በአርባ ምንጭ አካሄደ፤ ጥላሁን ከበደንም የክልሉ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ከፈረሰ በኋላ በአስተዳደር የተለያዩት ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ባስኬቶ በአዲሱ ክልል ውስጥ እንደገና የአንድ ምክር ቤት ተወካዮች ሆኑ፤ የተሰበሰቡትም ከቦሎሶ ሶሬ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ከ35 ዓመት በፊት የማስተማር ሥራውን በጀመረባት ከተማ ነው።